ታላቁ ወይስ ታናሹ? «ፍሬዥር» ሲትኮምና የሁለት ወንድማማቾች የብልህነት ፉክክር

«ፍሬዥር» የተባለውን የቴሌቪዥን ሲትኮም (ተከታታይ አስቂኝ ድራማ) ልጀምር የሚል ተመልካች አስቀድሞ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር አለ። ታሪኩ የሚካሄደው በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር ፍሬዥር ክሬን ኬኤሲኤል በተባለ ሬድዮ ጣቢያ ለሚደውሉለት ሰዎች ምክር የሚሰጥ የአእምሮ ሐኪም ነው። ነገር ግን ኮሜዲው በዋናነት ስለ ሬድዮም ስለ ሕክምናም አይደለም። 264 ክፍሎችን ተሸክሞ የሄደው በፍሬዥርና በታናሽ ወንድሙ በናይልስ መካከል ያለው ፉክክር ነው። የሚፎካከሩበትም ጉዳይ አንድ ነው፤ ከሁለታችን ማነው ብልሁ?

ወንድማማቾችን በገንዘብ ወይም በሴት የሚያጣላ ሲትኮም ሞልቷል። እዚህ ግን የሚማዘዙት ዕውቀትን ነው። የወይን ጠጁን ዓመተ ምርት ቀድሞ ማን ለየ፣ ኦፔራውን ማን በትክክል ጠቀሰ፣ የማን የሕክምና ዘዴ ያዋጣል፣ ሁሉም ነጥብ ይያዝበታል። የፉክክሩን ጥልቀት የሚሰጠው ደግሞ ዳኛው ነው። ሁለቱም ሳያምኑበት ፍርድ የሚጠብቁት ከአባታቸው ከማርቲን ነው፤ ማርቲን ደግሞ ሱቅ ሊዘርፍ የገባ ሰው ዳሌው ላይ በጥይት መትቶት ከሥራ የወጣ የፖሊስ መርማሪ ነው። ቢራውን፣ የስፖርት ጨዋታውንና ውሻውን ኤዲን የሚወድ ሰው ስለሆነ ልጆቹ በሚያቀርቡለት ነገር ሚዛን ላይ አያስቀምጣቸውም። ሁለት የተማሩ ወንዶች ውጤት ከማይሰጥ ፈታኝ ውጤት ሲጠብቁ 11 ዓመት ማለፉ ነው እንግዲህ ይህን ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው።

ተከታታዩ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 16 ቀን 1993 እስከ ሜይ 13 ቀን 2004 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ፈጣሪዎቹ ዴቪድ ኤንጄል፣ ፒተር ኬሲ እና ዴቪድ ሊ ናቸው። ፍሬዥር ራሱ ከዚያ በፊት «ቺርስ» በተባለው ሲትኮም ከ1984 ጀምሮ የታወቀ ሰው ነበር። ናይልስ ግን ከመጀመሪያው አልታሰበም። ተዋንያን ስትመርጥ የነበረች ባለሙያ፣ በኋላ ናይልስን የተጫወተው ዴቪድ ሃይድ ፒርስ ፍሬዥርን የሚጫወተውን ኬልሲ ግራመርን በወጣትነቱ ጊዜ እንደነበረው እንደሚመስል ለፈጣሪዎቹ ካሳየቻቸው በኋላ ነው ወንድም የተጻፈው። ይህንን ያወቀ ሰው መጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሲያይ አንድ ነገር ልብ ይላል፤ ናይልስ የተሠራው ከፍሬዥር ጠባይ ተወስዶ፣ በሁሉም ነገር ትንሽ ከፍ ተደርጎ ነው። ፍሬዥር ቁጥብ ከሆነ ናይልስ ይበልጥ ቁጥብ ነው፤ ፍሬዥር ምግብ ከመረጠ ናይልስ አስተናጋጁን ያስጨንቃል። ታላቁ ወንድሙን ሲያይ የራሱን ጉድለት አጉልቶ የሚያሳይ መስተዋት ፊት የቆመ ያህል ነው የሚናደደው።

ጸሐፊዎቹ በሁለቱ መካከል ያካፈሉት ሀብት በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። ፍሬዥር የሃርቫርድ ልጅ ነው፣ ናይልስ የዬል። (ሃይድ ፒርስም በእውኑ ዓለም የተመረቀው ከዬል ነው።) በሥነ ልቦና ሕክምና ፍሬዥር የፍሮይድ አስተምህሮ ተከታይ፣ ናይልስ የዩንግ። ፍሬዥር ስሙ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሥራው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ለማያየው ሰው ምክር መስጠት ስለሆነ ባልደረቦቹ ይንቁታል፣ ናይልስም ይህን በየአጋጣሚው ያስታውሰዋል። ናይልስ የተከበረ የግል ክሊኒክ አለው፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የሚያውቀው የለም። አንዱ ዝና አለው፣ ሌላው ክብር፤ አንዱ ያለውን ሌላው ይመኛል። ማንኛውም ክፍል ከዚህ ውጭ ሌላ ግጭት ባይጨመርበት እንኳን መንቀሳቀስ ይችላል። ኮሜዲ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ከዚህ የሚማረው ጠቃሚ ነገር ይህ ነው፤ ተፎካካሪዎቹን እኩል ብልህ ማድረግ አይበቃም፣ ጉድለታቸውም እርስ በርሱ እንዲገጣጠም መደረግ አለበት።

በትወናው በኩል በቅርብ መታየት ያለበት ነገር ወንድማማቾቹ በሚያዘወትሩት ቡና ቤት በካፌ ኔርቮሳ ውስጥ ነው ያለው። ናይልስ ወንበር ሲቀርብለት አይቀመጥም። መሐረቡን ከኪሱ ያወጣል፣ ይዘረጋል፣ መቀመጫውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ይህን የሚያደርገው እያወራ ነው፤ ሃይድ ፒርስ ንግግሩን አንዴም ሳያቋርጥ ነው እጁ ሥራውን የሚጨርሰው። ፍሬዥርም ይህን ስለለመደው ዞር ብሎ አያየውም። ያለ አንዲት ቃል ሁለት ነገር ተነገረን፤ የናይልስ ንጽሕና ወዳድነትና የሁለቱ የዕድሜ ልክ ትውውቅ። በ6ኛው ሲዝን 14ኛ ክፍል («ስሪ ቫለንታይንስ») መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሃይድ ፒርስ ብቻውን ሱሪ እየተኮሰ፣ ብዙም ሳይናገር፣ አንድ ትንሽ ስህተት ሌላውን እየጎተተች ወደ እሳት ሲያደርሰው እናያለን። ስለ ሲትኮም ምንም የማያውቅ ሰው ከጠየቀ መጀመሪያ የሚያሳዩት ትዕይንት ይህ ቢሆን አይቆጭም።

የብልህነቱን ጉዳይ በቀጥታ የሚያነሳው ግን የ6ኛው ሲዝን 19ኛ ክፍል ነው፤ ርዕሱም «አይኪው» ይባላል። ወንድማማቾቹ ልጅ ሳሉ የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ወስደው እንደነበር፣ አባታቸውም ውጤቱን እንደሚያውቅ ያነሳል። ማርቲን ለዓመታት ያልነገራቸው ምን እንደሚከተል ስለሚያውቅ ነው። በመጨረሻ ውጤቱ ሲወጣ ናይልስ 156፣ ፍሬዥር 129 ሆኖ ይገኛል። ታላቁ በ27 ነጥብ ተበልጧል።

ጸሐፊዎቹ ቁጥሩን እንዲሁ የጣሉት አይመስለኝም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ይስቃል። የተለመደው የአይኪው መለኪያ አማካዩ 100፣ መደበኛ ልዩነቱ (ውጤቶች በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 15 ነው። በዚህ መለኪያ 129 ያመጣ ሰው ከ100 ሰዎች 97ቱን ይበልጣል። በየትኛውም ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነው ማለት ነው። 156 ግን ከ10,000 ሰው መካከል በአንድ ሰው አካባቢ የሚገኝ ነው። ሜንሳ የተባለው ማኅበር አባል የሚያደርገው ከሕዝቡ የላይኞቹን 2 በመቶ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ይህ ወደ 130 ይጠጋል። ፍሬዥር በአንዲት ነጥብ ከበር ውጭ ቆሟል። በዕውቀቱ የሚኮራ ሰው ላይ ከዚህ የከፋ ቁጥር መምረጥ አይቻልም፤ 110 ቢሰጡት አናምነውም፣ 140 ቢሰጡት አይጎዳውም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች በአይኪው በአማካይ 12 ነጥብ ያህል ይለያያሉ። 27 ነጥብ ከዚያ በላይ ቢሆንም በቤተሰብ ውስጥ የማይታይ ነገር አይደለም። በልጅነት የተወሰደ ፈተና ደግሞ በተለይ ከፍ ያለ ውጤት ላይ፣ ልጁ ካደገ በኋላ ቢፈተን ወደ አማካዩ የመጠጋት ዝንባሌ ያሳያል። ሁለቱም የአእምሮ ሐኪሞች ስለሆኑ ይህን ለታካሚ ቢያስረዱ አንዲት ቃል አይሳሳቱም። ስለ ራሳቸው ሲሆን ግን ዕውቀታቸው አይደርስላቸውም። ክፍሉ ጥሩ የሆነው በዚህ ነው፤ ሙያቸው የሚፈውሰው ሌላ ሰውን ብቻ ነው።

ከዚህ ክፍል በፊት የተዘሩት ዘሮችም ሊታዩ ይገባል። በ1ኛው ሲዝን 22ኛ ክፍል («ኦተር ኦተር») ወንድማማቾቹ ስለ ወንድማማችነት አብረው መጽሐፍ ሊጽፉ ይስማማሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልወጣ ሲላቸው ሆቴል ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ዘግተው እስከ መተናነቅ ይደርሳሉ። መጽሐፉ አይወጣም፤ እኛ ግን የጠቡ ሥር ከሙያ ይልቅ የእናት ፍቅር እንደሆነ እንረዳለን። በ3ኛው ሲዝን 2ኛ ክፍል ደግሞ አንድ የሕክምና ቢሮ ይጋራሉ፤ አልሆን ሲላቸው ለባልና ሚስት ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ዘንድ ይቀርባሉ። የሁለቱን ክፍሎች ሐሳብ አንድ ላይ ማየት ይጠቅማል፤ አብሮ መሥራት ያልቻሉት አንደኛው ሲናገር ሌላው ስህተት ስለሚፈልግ ነው።

በ2ኛው ሲዝን 23ኛ ክፍል («ዘ ኢንኪፐርስ») ሁለቱ አሮጌ ሬስቶራንት ገዝተው በፈረንሳይኛ «ደስተኞቹ ወንድማማቾች» ብለው ስም ያወጡለታል። ችግሩ ከመክፈቻው ምሽት ይጀምራል፤ ሠራተኞቹ ይሸሻሉ፣ ማርቲንን በቤት የምትንከባከበው ዳፍኒ በሕይወት ያሉ ኢሎችን (እባብ መሰል ዓሦችን) ማዘጋጀት ይጠበቅባታል፣ መጨረሻ ላይ መኪና ግድግዳ ጥሶ ይገባል። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ ብትከታተሉ፣ ሁለቱም ስለ ምግብ ሁሉን ያውቃሉ፣ ማንኛቸውም ግን የሬስቶራንት ወጥ ቤት አስተዳድረው አያውቁም። ይህን ክፍል ለጀማሪ መምከር ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን ሳያውቁ እንኳን ይሳቅበታል።

ፉክክሩ ከሁሉም ይበልጥ በንጽህና የሚታየው ግን በ4ኛው ሲዝን 18ኛ ክፍል («ሃም ሬድዮ») ነው። ፍሬዥር በሬድዮ የሚተላለፍ የወንጀል ድራማ ያዘጋጃል፣ ሁሉንም ተዋናይ እየተቆጣጠረ ያማርራል። ናይልስ በርካታ ሰዎችን ሆኖ ይጫወታል። የታላቅ ወንድሙ ትዕዛዝ ሲሰለቸው በቀጥታ ሥርጭት ላይ፣ ድራማው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ይገድላቸዋል፣ ታሪኩንም ይዘጋዋል። ወንድሙ የጻፈለትን ቃል ትቶ ራሱ ደራሲ ይሆናል። በዚህ ትዕይንት ሃይድ ፒርስ ድምፁን ስንት ጊዜ እንደሚቀይር ለማዳመጥ ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

የማርቲን ቦታ ግን ሳቁን ብቻ ለሚፈልግ ተመልካች ሊያመልጠው ይችላል። ጆን ማሆኒ በብላክፑል እንግሊዝ የተወለደ ተዋናይ ሲሆን አሜሪካዊ የሠራተኛ መደብ አባት ሆኖ ሲጫወት ይህ አይታወቅበትም። በ1ኛው ሲዝን 3ኛ ክፍል («ዲነር አት ኤይት») ልጆቹ የማርቲን ምርጫ የሆነ የስቴክ ቤት ሄደው በሁሉም ነገር ያላግጣሉ። ማርቲን ሲቆጣ የሚያነሳው እናታቸውን ነው፤ እሷ የተራቀቀች ሴት ብትሆንም ሰውን ዝቅ አድርጋ አታውቅም ነበር ይላቸዋል። ሁለቱ ዝም ይላሉ። ያለ ቁጥር፣ ያለ ፈተና፣ ማርቲን ነጥብ የሰጠው በዚያች ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ወደቁ። ከዚህ በኋላ ፍሬዥር ወይም ናይልስ በዕውቀቱ ሲኮራ ባየን ቁጥር ይህ ትዝ ይለናል። ከቤቱ ውድ ዕቃ መሐል የተቀመጠው፣ በተለጣፊ ፕላስተር የተጠጋገነው የማርቲን ሶፋ ወንበርም የዚሁ ማስረጃ ሆኖ 11 ዓመት ሙሉ ከዓይን አይጠፋም።

እንከን የሌለበት ሥራ ግን አይደለም። ትልቁ ድክመት ከ8ኛው ሲዝን ይጀምራል። በ7ኛው ሲዝን ማብቂያ (2000) ናይልስ ለዓመታት በልቡ የሚመኛትን ዳፍኒ ሙንን አግኝቶ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ታናሹ በፉክክሩ የሚበልጥበት ነገር ቢኖርም ፍቅር ይጎድለው ነበር፣ ለዚህም ነበር የምናዝንለትና የምንስቅለት። ሲሟላለት ያ የተመጣጠነ ጉድለት ተናጋ። በዚያው ወቅት ክሪስቶፈር ሎይድና ጆ ኪናን የተባሉት ዋና ጸሐፊዎች ተለይተው ሄደዋል። የዳፍኒ የሰውነት ክብደት ላይ የተገነባው ታሪክም ተዋናይቷ ጄን ሊቭስ በእውነት ነፍሰ ጡር ስለነበረች የገባ ሲሆን፣ ቀልዱ ከባድና የተደጋገመ ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች በ11ኛው ሲዝን ሲመለሱ ፉክክሩም አብሮ ተመለሰ።

ሌላው እንከን ስለ ናይልስ የመጀመሪያ ሚስት ስለ ሜሪስ የሚነገረው ቀልድ ነው። ሜሪስ በካሜራ ፊት አንድ ቀን እንኳን አትታይም፤ ይህ በራሱ ብልጥ ውሳኔ ነበር። ሆኖም ቅጥነቷን፣ ሀብቷንና ግትርነቷን እየደጋገሙ መቀለዱ በ3ኛውና በ4ኛው ሲዝን ላይ ይበዛል። የሬድዮ ፕሮግራሙ አዘጋጅ ሮዝ ዶይል (ፔሪ ጊልፒን) ደግሞ ከሁለቱ ወንድማማቾች ይልቅ ሰው ታውቃለች፣ ብዙ ጊዜም ነገሩን ቀድማ የምትረዳው እሷ ናት፤ ጸሐፊዎቹ ግን ይህን ብልህነት በቅጡ ለመጠቀም የወሰዱት ጊዜ ረዥም ነው።

ከሌላ ሥራ ጋር ለማነጻጸር፣ «ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» (ከ2000 እስከ 2006 በፎክስ የታየው) የ165 አይኪው ያለውን ልጅ በሌሎች ወንድሞቹ መሐል ያስቀምጣል። እዚያ ብልህነት ልጁን ከቤተሰቡ የሚለይ ሸክም ነው፤ በ«ፍሬዥር» ግን ሁለቱም የሚመኙት ዘውድ ነው። በመጀመሪያው አንድ ልጅ ሳይፈልግ ይታወቃል፣ በሁለተኛው ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡ ወንዶች ለመታወቅ ይሠቃያሉ። ከጀርባ የሚሰማ የተመልካች ሳቅ የማይወድ ሰው ማልኮምን ይምረጥ፤ የንግግር ጥበብና የመድረክ ተውኔት የሚወድ ደግሞ ፍሬዥርን።

ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ስለ አተያዩ ጥቂት ነገር ይወቁ። እያንዳንዱ ክፍል ከማስታወቂያ ውጭ 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሁሉንም ቢያዩ ወደ 97 ሰዓት ይወስዳል። ትዕይንት ከትዕይንት የሚለየው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚታይ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣውን ትዕይንት ቀልድ ቀድሞ የሚሰጥ ስለሆነ ሳያነቡት አይለፉት። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ የወይን ጠጅ ስም፣ የኦፔራ ገጸ ባሕርይ፣ የፈረንሳይኛ ቃል ይደባለቅበታል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ (ሰብታይትል) አብርተው ማየት ይሻላል፤ አንድ ስም ቢያመልጥ ግን ቆም ብለው መፈለግ አያስፈልግም፣ ቀልዱ የሚሠራው ስሙን ባወቅነው ላይ ሳይሆን ናይልስ ስሙን ሲጠራ በሚሰማው ኩራት ላይ ነው።

ከ1ኛው ሲዝን 1ኛ ክፍል («ዘ ጉድ ሰን») መጀመር ትክክለኛው መንገድ ነው። ማርቲን ወደ ፍሬዥር ቤት የሚገባው እዚያ ነው፤ ናይልስ አባቱን ላለመውሰድ የሚያቀርበው ምክንያትም የፉክክሩን ሌላ ገጽ ያሳያል፤ አባትን የመንከባከብ ኃላፊነት ሲመጣ ሁለቱም ብልህነታቸውን ወደ ሰበብ ይቀይሩታል። ጊዜ የሌለው ሰው ከላይ የተጠቀሱትን ክፍሎች ብቻ፣ በሲዝናቸው ቅደም ተከተል ቢያይ ዋናውን አያጣም። 8ኛውንና 9ኛውን ሲዝን በቸልታ መዝለል ይቻላል፤ 11ኛውን ግን አይዝለሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 በፓራማውንት ፕላስ የወጣው ቀጣይ ሥራ 2 ሲዝን፣ 20 ክፍል ነው፤ ፍሬዥር ወደ ቦስተን ተመልሷል። ማሆኒ በ2018 ስለሞተ ማርቲን የለም፤ ሃይድ ፒርስም አልተመለሰም። በነሱ ቦታ የፍሬዥር ልጅ ፍሬዲ አለ፤ ሃርቫርድን ጥሎ የእሳት አደጋ ተከላካይ የሆነ ወጣት። ናይልስን በመተካት የመጣው የናይልስ ልጅ ዴቪድም አለ። ፍሬዲ የአያቱን ጠባይ ወርሶ አባቱን ዝም ያሰኛል፤ ይህ የተከበረ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ፍሬዥር ራሱን የሚለካበት እኩያ ስለሌለው ንግግሩ ወደ ግድግዳ የተወረወረ ኳስ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ማየት ያለበት የድሮው ነው፤ አዲሱ ደግሞ ጊዜ ለተረፈው ብቻ።